የሚስ ቲላካ አንደኛው ሕግ

ሚስ ቲላካቫቲ ክፍል ከመግባቷ በፊት ጃንጥላዋ ይገባል። በሩን በጃንጥላዋ ጫፍ ገፋ ታደርግና አንድ እግሯ ኮሪደሩ ላይ እያለ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ መልሱን ደግሞ ወንበሯ ጋ ሳትደርስ ትፈልጋለች። ጠመኔ ጠፋኝ ብላ መሳቢያውን ስታተራምስ ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ ጠመኔው ሁልጊዜ ፀጉሯ ውስጥ፣ ጠዋት ከሰካችው የጃስሚን አበባ ጎን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሻይ እያፈላሁና ወረቀቷን እየተየብኩ አይቻታለሁና እመኑኝ፣ በደሴታችን ምሥራቅ፣ በባቲካሎ ሐይቅ ዳር እንደሷ የሚያስተምር ሰው አልነበረም።

ትምህርት ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ድሮ የዓሣ መጋዘን ስለነበር ዝናብ ሲጥል ግድግዳው ያስታውሰዋል። እዚያ ውስጥ ሚስ ቲላካ ሶሻል ወርክ ታስተምራለች። የሰው ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ የተቸገረ እንዴት እንደሚደመጥ፣ የሰሙት ደግሞ እንዴት እንደሚጻፍ። ከተማሪዎቿ ግማሾቹ ሂንዱ፣ ግማሾቹ ሙስሊም ናቸው፤ ሁለት ሦስት ክርስቲያንም አይጠፋም። ቋንቋችን አንድ ነው፤ ሁላችንም የምንሳደበው በታሚልኛ ነው። ሰፈር ከሰፈር ከተጋደለበት ከዚያ መጥፎ ዘመን ወዲህ ግን ከመንገዱ ወዲህ የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ ከመንገዱ ወዲያ መስጊድ ሆኖ፣ መሀሉን ያለ ሥጋት የሚሻገሩት ፍየሎች ብቻ ነበሩ።

ሚስ ቲላካ ይሄን አልወደደችውም። ስለዚህ ተማሪዎቿ ለልምምድ የሚሄዱበትን ቤት በዕጣ ታወጣለች። የቤተሰቦቹ ስም የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይገባና እያንዳንዱ እጁን ሰዶ የደረሰውን ይዞ ይወጣል። «ጣሳው ሃይማኖት የለውም» ትላለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣሳዎቹ ሁለት ነበሩ። ሂንዱዎቹ እጃቸውን ከሚሰዱበት ጣሳ ሙስሊም ቤት እንጂ ሌላ አይወጣም፤ ሙስሊሞቹም እንደዚያው። ስሞቹን ቆርጬ የማስገባው እኔ ነኝ።

አንደኛው ሕጓ ሰሌዳው ላይ ከዓመት ዓመት አይጠፋም። «በምትሄዱበት ቤት ምንም አይቀመስም።»

«ሚስ፣ ሻይስ?»

«አይቀመስም።»

«ውሃስ?»

«ውሃም።»

«ሚስ፣ ዝንብ አፌ ቢገባስ?»

«ትተፊያታለሽ፣ ፋስሚያ። አንቺን ግን ዝንብም አይደፍርሽም፤ አፍሽ መቼ አርፎ።»

ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ፋስሚያ ከኛ ሰፈር የመጣች ሙስሊም ልጅ ናት፤ ቀልድ ካልተናገረች ቀኑ የማይመሽላት።

ሕጉ ከየት መጣ? ሚስ ቲላካ ማስተማር በጀመረች በሦስተኛው ዓመት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጉድ ደረሰ። አንዱ ሂንዱ ልጅ ሙስሊም ቤት የሰጡትን ውሃ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ሲደፋ ታየ። አንዲቷ ሙስሊም ደግሞ ሂንዱ ቤት የቀረበላትን፣ ለአምላካቸው ቀርቦ የመጣ ጣፋጭ ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀችው፤ ጉንዳን ሲወርረው እዚያው ባለቤቶቹ ፊት ጉዷ ወጣ። ሁለቱ ቤቶች ሰምተው ሁለቱ ሰፈሮች ሰሙ። ሚስ ቲላካ ያን ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ፣ «ጃውፈር፣ ከእንግዲህ ማንም የማንንም አይቀምስም። ጽዋ ከሌለ የሚናቅ የለም» አለች።

እሷ የጽዋን ነገር ታውቃለች። በእናቷ ቤት ጓሮ፣ ከሽፈራው ዛፍ ላይ፣ የኮኮናት ቅርፊት ተንጠልጥሎ ነበር። ዓሣና ሰሌን ይዘው የሚዞሩ ሙስሊሞች ውሃ ሲጠይቁ የሚሰጣቸው በሱ ነው። ልጅ ሆና፣ «ለምን ብርጭቆ አንሰጣቸውም?» ብላ ጠይቃ ጥፊ ጠገበች። ታዲያ ይቺ ሴት ሕጉን ያወጣችው ከንቀት ነው የሚል ካለ ከኔ ጋር ይጣላ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከጣሳው ውስጥ ማቲቫታኒ የሚስሪያን ስም አወጣች።

ማቲ ከገጠር የመጣች፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ ሂንዱ ልጅ ናት። ሙስሊም ሰፈር በእግሯ ረግጣ አታውቅም። ወረቀቱን አንብባ ጣሳው ውስጥ ልትመልሰው ስትል ፋስሚያ አየቻት።

«ምነው፣ አዞ ቤት ደረሰሽ እንዴ?»

«ግንባሬ ላይ ያለውን የሂንዱ ነጥብ ላጥፋው?»

«ለምን ታጠፊዋለሽ? አክስቶቼ የፊልም ተዋናይ መጣች ብለው ነው የሚከቡሽ።»

«አታጥፊው» አለች ሚስ ቲላካ። «ራስሽን ሆነሽ ሂጂ። እነሱም ራሳቸውን ሆነው ይቀበሉሽ። አንደኛው ሕግ?»

«ምንም አይቀመስም፣ ሚስ።»

ሚስሪያን በሰፈራችን ሁሉም «ኡማ» ነው የሚላቸው፤ እናቴ እንደማለት ነው። ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ባልቴት ናቸው፤ ሰሌን ይሠራሉ። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ፤ ሹክሪያ ትባላለች። የሹክሪያ እናት ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ፣ ሁለት ዓመት ደውላ፣ ከዚያ ስልኳ ጠፋ። ዘመድ ነኝ ባይ አንዱ፣ «አሮጊቷ ልጅ ማሳደግ አይችሉም» ብሎ ለሕፃናት ጽሕፈት ቤት አመልክቷል። ጽሕፈት ቤቱ ሰው ስለሌለው የኛን ተማሪዎች ነው የሚልከው። ተማሪዋ አራት ጊዜ ትሄዳለች፤ ልጅቷ ከአያቷ ትቆይ ወይስ ሕፃናት ማሳደጊያ ትግባ የሚለው በሷ ሪፖርት ይወሰናል። ማቲ ይሄን ታውቃለች። ኡማም ያውቃሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ማቲ እየሳቀች ተመለሰች። ሹክሪያ የትምህርት ቤት ደብተሯን በሙሉ አሳይታታለች፤ ከክፍሏ ሦስተኛ ናት። ፀጉሯ ተቀብቶ ተጎንጉኗል፤ ዩኒፎርሟ ተጣጥፎ ትራስ ሥር ነው የሚያድረው። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ ግን የተጠረገች። ኡማ ሻይ ከቁራጭ የዘንባባ ስኳር ጋር አቀረቡላት።

«ምን አልሽ?» አለች ሚስ ቲላካ።

«ይቅርብኝ አልኩ።»

«ጎሽ።»

በሁለተኛውም ሳምንት ሻይ ቀረበ፤ በሁለተኛውም ይቅርብኝ አለች።

በሦስተኛው ሳምንት ማቲ ክፍሉ ፊት ቆማ ሪፖርቷን ስታቀርብ እኔ የሻይ ትሪ ይዤ እየገባሁ ነበር። ኡማ ዶሯቸው የጣለቻቸውን እንቁላሎች ስድስት ቀን አጠራቅመው ዋታላፓም ሠርተውላታል። ኮኮናት ወተትና የዘንባባ ስኳር ተመትቶ በእንፋሎት የሚበስል ነው፤ እኛ ቤት ለአረፋና ለሠርግ ካልሆነ አይሠራም። ያቀረቡላት በሠርጋቸው ሳህን ነው፤ ጠርዙ ላይ የወርቅ መስመር ያለበት፣ ከስድስቱ አንድ የቀረ።

«ሹክሪያ፣ ‘አያቴ ከጠዋት ጀምራ ነው የሠራችው፣ እኔን እንኳ አታስቀምሰኝም’ አለችኝ» አለች ማቲ። «እኔ ግን እንቢ አልኩ። ኡማም ሳህኑን አንስተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ እስክወጣ ድረስም አልተመለሱም።»

«አያችሁ?» ሚስ ቲላካ ጠመኔዋን ከፀጉሯ መዘዘች። «ሻይ እንቢ ማለት ቀላል ነው። ዋታላፓም እንቢ ማለት ነው ሙያ! አጨብጭቡላት።»

ተጨበጨበ። ማቲ ቀላች። ፋስሚያ ብቻ እጇ ጭኗ ላይ ቀረ፤ ዓይናችን ተጋጨ፣ ሁለታችንም ዓይናችንን ሰበርን። ከዚያ ሻዩን አደልኩ፤ ሂንዱውም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከኔው ማንቆርቆሪያ ጠጣ።

ለምን አልተናገርኩም? ቤቴ ከኡማ ቤት ሁለት ቅያስ ነው። የሠርግ ሳህን በእኛ ሰፈር ሲመለስ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ግን ሚስ ቲላካ እስከዚያ ቀን አሥራ ሰባት ዓመት ከእጄ ጠጥታለች፤ ንቀትን ከሷ ጋር አያይዤ አስቤ አላውቅም። ደግሞ የተማረ ሰው ያውቃል ብሎ ዝም ማለት ሻይ አፍልተን ወረቀት የምንተይብ ሰዎች አመል ነው።

በአራተኛው ሳምንት ማቲ ስትሄድ በሩ ተዘግቷል። አንኳኳች፤ ቆየች፤ ደግማ አንኳኳች። ሹክሪያ በመስኮት ብቅ አለች።

«አያትሽስ?»

«የለችም በዪ ብላኛለች» አለች ልጅቷ፤ ወዲያው የተናገረችው ገብቷት አፏን በእጇ ያዘች።

ሪፖርቱን የተየብኩት እኔ ነኝ። ስለ ደብተሩም፣ ስለ ተጎነጎነው ፀጉርም አንድ ገጽ ሙሉ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን «አሳዳጊዋ ለመተባበር ፈቃደኛ አይደሉም። በአራተኛው ጉብኝት በራቸውን ዘግተዋል» ይላል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ውሸት የለበትም። ጽሕፈት ቤቱ ያነበበው እነሱን ነው።

ሹክሪያን ማክሰኞ ቀን መኪና መጥቶ ወሰዳት። ማሳደጊያው ሦስት አውቶብስ ተቀይሮ የሚደረስበት አገር ነው። ወሬውን ይዛ የመጣችው ፋስሚያ ናት፤ ያን ቀን ቀልድ አልነበራትም።

«ሚስ፣ ወሰዷት።»

«ማንን?»

«የሚስሪያ ኡማን ልጅ። ዩኒፎርሟን ለብሳ ነው የሄደችው፤ ትምህርት ቤት የሚወስዷት መስሏት።»

ሚስ ቲላካ ወንበሯን ሳትስብ ተቀመጠች፤ ጃንጥላው ወደቀ። «ለምን ዘጉ? ሪፖርቱ መልካም ነበር። ምን አድርገናቸው ነው የዘጉት?»

«ልናገር፣ ሚስ?»

«ተናገሪ እንጂ!»

«ሂንዱ ልጅ ሦስት ጊዜ እጃቸው የነካውን አልቀምስም አለቻቸው። ሦስተኛው በሠርግ ሳህን ነው። ‘የሚጸየፉን ሰዎች ናቸው በልጄ ላይ የሚፈርዱት? በሬን አልከፍትም’ ብለዋል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

ሚስ ቲላካ ጃንጥላውን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

ፋስሚያ ከንፈሯን ነከሰች። «እርስዎ ሕግ ነው አሉና። ደግሞ... ሚስ፣ እኔም ሂንዱ ቤት መጠጣት አልፈልግም ነበር። ሕጉ ተመችቶኝ ነበር።»

ማቲ ከኋላ ወንበር ተነሳች። ሁሌ እንደምታደርገው መሬት መሬቱን አላየችም። «እኔ መብላት ፈልጌ ነበር» አለች። «ርቦኝ ነበር፣ ሚስ። ሽታው...» አልጨረሰችውም። ዲፕሎማዋን በዓመቱ ተቀበለች፤ በሙያው ግን አንድ ቀን አልሠራችም።

በማግስቱ ሚስ ቲላካን ይዣት ሄድኩ። ኡማ በረንዳቸው ላይ ለሰሌን የሚሆን ሸምበቆ እየሰነጠቁ ነበር። ቀና ብለው ሁለታችንንም አዩና ሥራቸውን ቀጠሉ።

«ኡማ፣ የማቲ አስተማሪ እኔ ነኝ» አለች ሚስ ቲላካ። «ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። ምንም አትቅመሱ ብዬ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ሁሉንም ነው ያዘዝኩት፤ ሙስሊሞቹንም ጭምር። ማንም እንዳይናቅ ብዬ ነበር።»

«እንዳይናቅ» አሉ ኡማ፤ እንደ መራራ ነገር አላመጡት። «ለኔ ማን ነገረኝ? ሕግሽን በሬ ላይ ለጥፈሽው ነበር?»

ኡማ የያዙትን ሸምበቆ አስቀመጡ።

«ሠላሳ ዓመት በናንተ ሰፈር ሰሌን ሸጫለሁ። በኮኮናት ቅርፊት ጠጥቻለሁ። አፌ ሳይነካው ከላይ እያፈሰሱልኝ በእፍኜም ጠጥቻለሁ። ልጅቷ ስትመጣ፣ ዘመኑ ተቀየረ፣ እነሱም ወደኛ መምጣት ጀመሩ ብዬ ነው ሳህኔን ያወጣሁት።»

«ቤታችን... ከቤተ መቅደሱ ጀርባ፣ ሽፈራው ያለበት ነው» አለች ሚስ ቲላካ። «እኛም ቤት ጠጥተው ይሆን?»

«በምን አውቃለሁ ልጄ? የሁላችሁንም ቤት የማውቀው በጓሮ በኩል ነው። ፊቱን አይቼው አላውቅም።»

ጥላ ስላልነበረ ፀሐዩ እየመታን ቆምን። ከዚያ ሚስ ቲላካ፣ «ውሃ ይስጡኝ፣ ኡማ» አለች። «እባክዎ።»

እንስራው አጠገባቸው ነው። ኡማ አዩት፤ እሷንም አዩዋት። ውሃ ሲያንቅ በምን ይዋጣል?

«ልጄን አምጪልኝ» አሉ። «ያኔ አጠጣሻለሁ።»

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለው የሚስ ቲላካ ሕይወት ይሄ ብቻ ሆነ። ሪፖርቱ ተሳስቷል፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብላ ጽፋ ፈረመችበት። ጽሕፈት ቤቱ፣ «መዝገቡ ተዘግቷል፣ በዓመቱ ይታያል» አላት። ደግማ ጻፈች። ኃላፊው ተቀየረና አዲሱ፣ «ከመጀመሪያው ልስማ» አለ። ከመጀመሪያው ነገረችው። ሦስት አውቶብስ ቀይራ ሹክሪያን ልታይ ስትሄድ ዘመድ አይደለሽም ብለው ከበር መለሷት። ክፍል ውስጥ አንደኛውን ሕግ በገዛ እጇ አጠፋችው። ተማሪዎቹ፣ «እና ምን እናድርግ፣ ሚስ? እንብላ ወይስ እንተው?» ሲሏት፣ «የሰውየውን ፊት እዩ» አለች። «ከዚህ በላይ አላውቅም።» ቀልዷ አለቀ። ጠመኔዋን ከፀጉሯ ማውጣት ረስታ ሐይቁን ስታይ ብዙ ቀን አግኝቻታለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኡማ በረንዳ ትሄዳለች። ኡማ ግቢም ሂጂም አላሏትም። እሷም ሸምበቆ መሰንጠቅ ጀመረች፤ ጣቷ በስለቱ ተተለተለ። ኡማ ያላዩ መስለው እያዩ፣ «በግራ እጅሽ ያዢው እንጂ» ያሏት በሦስተኛው ወር ነው። ውሃ ግን የለም። ጥሟን ይዛ ትመጣለች፤ ጥሟን ይዛ ትሄዳለች።

በአሥራ አንደኛው ወር ፈቃድ ተገኘ። እንድትመለስ አይደለም፤ ለአረፋ በዓል፣ ለአንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት። ሚስ ቲላካ ወረቀቱን ይዛ ስትሮጥ ጃንጥላዋን አውቶብስ ላይ ረሳችው። ኡማ ወረቀቱን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ማንበብ አይችሉም። «በዓል ቀን ይዘሃት ና» አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደሷ እየጠቆሙ።

በዓሉ ቀን ሹክሪያ ከጽሕፈት ቤቱ መኪና ወረደች። ቁመት ጨምራለች። ፀጉሯ አጭር ተቆርጧል፤ ማሳደጊያው ቅማልን በዚያ መንገድ ነው የሚጠብቀው። ኡማ እንደ እብድ ሮጠው አቀፏት፤ ፀጉሯን ሲዳስሱ የሚጎነጎን አጥተው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ልጅቷ እጆቿን ወደ ታች ጥላ ታቀፈች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ አስተካክላ ደርድራ፣ ሰሌኑ ዳር ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እንግዳ እንደሚቀመጠው።

ኡማ ከውስጥ ዋታላፓሙን አመጡ፤ የወርቅ መስመር ባለው ሳህን። «እንኪ የኔ እናት። ያኔ አታስቀምሰኝም ብለሽ ከሰስሽኝ አልነበር? ሙሉው ያንቺ ነው።»

ሹክሪያ ሳህኑን አየችው። ምራቋን ስትውጥ አይቻለሁ።

«ይቅርብኝ» አለች።

«ምነው?»

«ከውጭ ምንም አይቀመስም ተብለናል። ስንመለስ ይጠይቁናል።»

ሚስ ቲላካ ግድግዳውን ያዘች። ኡማ ሳህኑን እንደያዙ ቆሙ። ሹክሪያን አዩ፤ በሩን አዩ፤ መጨረሻ ላይ ዞረው ሚስ ቲላካን አዩዋት። ሄደው ሳህኑን እጇ ላይ አስቀመጡት።

«እንግዲያው አንቺ ብዪው» አሉ። «ሥራዬ ሜዳ ላይ አይደፋ።»

ሚስ ቲላካ መሬት ተቀመጠች። በላች። እንባዋ ሳህኑ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ እሱንም አብራ ትበላለች፤ ኡማ በላይዋ ቆመው እያንዳንዱን ጉርሻ ያያሉ። ግማሹ ላይ ስትደርስ ሹክሪያ ወደኔ ጠጋ ብላ እጅጌዬን ሳበች።

«ወንድም ጃውፈር፣ መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው? ካረፈድኩ ሌላ ጊዜ አይፈቅዱልኝም።»

በሹክሹክታ ነበር፤ ኡማ ግን ሰሙ።

«ገና ነው የኔ ልጅ» አሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው። «ገና ነው።»